ሁለቱም ካልተኙ የማይነጋ ሌሊት

በጅዳ ከሥራ ወደ ማደሪያው ተመልሶ፣ ዒሻን ሰግዶ፣ እራቱን ቀማምሶ፣ አገር ቤት ሳይደውል የሚተኛ ሐበሻ ጥቂት ነው። ደዋዩ ቀኑን ሙሉ ሲያጠራቅመው የዋለውን ናፍቆት ይዞ ስልኩን ያነሣል። ይሁን እንጂ በሌላኛው ጫፍ ያለው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከሆነ ንግግሩ ቶሎ ያልቃል። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።» «ትምህርትስ?» «ጥሩ ነው።» «ቁርኣን እየቀራህ ነው?» «አዎ።» ከዚያ ዝምታ፤ ከዝምታው በኋላ ደግሞ «እማዬን ላቅርብልህ?»

እኔ ከደሴ ስወጣ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ መስመር ተቋርጦ ለሳምንታት የቤተሰቤን ድምፅ ሳልሰማ ከርሜያለሁ። መስመሩ በተከፈተ ዕለት እኔ እዚህ፣ እነርሱ እዚያ ሆነን ተላቅሰናል። ያን ያህል የተለቀሰለት መስመር ከዓመታት በኋላ የሁለት ደቂቃ ጥያቄና መልስ ብቻ የሚያልፍበት ሆኖ ቀረ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን በዚህ ከተማ ልጁን ጥሎ የመጣ አባት ሁሉ የማያውቀው ነገር አይደለም።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ ጁሙዓ ቀን ነው። ከሶላት እንደወጣሁ ደወልኩና ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ቤት እየሠራሁ ነው፤ አባዬ ቆይ፣ እየመሸብኝ ነው» አለኝ። ሰዓቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነበር። ደሴና ጅዳ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ እንዲያውም በካርታ ላይ ደሴ ከጅዳ በስተደቡብ በአንድ መስመር ላይ ያለች ያህል ናት፤ በአየር ከ1100 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም ፀሐይ የምትወጣልን አብራ ነው። እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳች እዚያ እንዴት ይመሻል? ልጄ ሳቀብኝ። የመሸበት ዓለም ሌላ ነበር።

ያ ዓለም ማይንክራፍት ይባላል። በስዊድን ርዕሰ ከተማ በስቶክሆልም የሚገኘው ሞጃንግ የተባለው ድርጅት ያሳተመው ጨዋታ ሲሆን ለሕዝብ መጀመሪያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ተጠናቆ የወጣው ደግሞ በ2011 ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 ድርጅቱን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። እስከ 2023 ድረስ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ በመሸጡ በዓለም ላይ ከተሸጡት የቪዲዮ ጨዋታዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል። ዓለሙ ሁሉ ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር ከሆነ ጡብ የተሠራ ነው፤ አፈሩም፣ ዛፉም፣ ተራራውም፣ ባሕሩም ጭምር። ተጫዋቹ እነዚህን ጡቦች እየነቀለ ባሻው ቦታ ያኖራቸዋል። ይህን ፈጽም፣ ያንን አሸንፍ ብሎ የሚያዝዘው የለም። ነገር ግን «ሰርቫይቫል» በሚባለው አኳኋን ለሚጫወት ሰው አንድ ግዴታ አለበት፦ ባዶ እጁን በማያውቀው አገር ይጣላል፤ ሳይመሽ መጠለያ ማግኘት አለበት። ይህን ሲያስረዳኝ «አውቀዋለሁ» አልኩት። ማወቄ ከየት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አብሬው ለመጫወት የወሰንኩት ወሬ አጥቼ ነው እንጂ ጨዋታ አምሮኝ አይደለም። ዋጋው ለስልክ 7 ዶላር ገደማ ነው። ከዋጋው ይልቅ አካውንት ማስተካከሉ አደከመኝ፤ ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑ ከሌላ ሰው ጋር እንዲጫወት ወላጅ መፍቀድ አለበት፤ የፈቃዱን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀ። ያ ሁለት ምሽት ግን እንደ ኪሳራ አልቆጥረውም። ለስምንት ዓመታት በወረቀት ብቻ አባት ሆኜ ከቆየሁ በኋላ «የዚህ ልጅ ወላጅ እርስዎ ነዎት?» ተብዬ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

እርሱ በአጎቱ አሮጌ ታብሌት ይጫወታል፤ በእናቱ ስልክ ደግሞ በኢሞ እንነጋገራለን። እኔ ስልኬን ይዤ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ ከዒሻ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ጫፍ እቀመጣለሁ። ዓለሙ የተቀመጠው በእርሱ ታብሌት ውስጥ ስለሆነ እርሱ ካልከፈተ እኔ መግባት አልችልም። የቤቱ ባለቤት እርሱ ነው፤ እንግዳው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ምሽት «ዛፍ ፈልግና በቡጢ ምታ» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። መታሁት፤ ግንዱ ተነቅሎ እጄ ውስጥ ገባ። አንድ ግንድ አራት ሳንቃ ይወጣዋል፤ አራት ሳንቃ ተገጣጥሞ የሥራ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ሁለት ሳንቃ አራት ዘንግ ይሆናል፤ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳንቃና ሁለት ዘንግ ሲደረደሩ የእንጨት ዶማ ይሠራል። በእንጨቱ ዶማ ድንጋይ ይፈለጣል፤ ከድንጋዩ የተሻለ ዶማ ይሠራል፤ በድንጋዩ ዶማ ብረት ይቆፈራል። የብረት ዶማ የሌለው ሰው አልማዝ ቢያገኝም ቢመታው ይሰበርበታል እንጂ እጁ አይገባም። ደረጃ መዝለል አይቻልም። ልጄ ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ታናሽ ወንድሙን እንደሚያስተምር ሰው በትዕግሥት ነበር። እኔ ግን ሐሳቤን የወሰደው በአድማሱ ላይ ያየሁት ተራራ ነው፤ ወሎን ወሎን ይሸታል። እርሱ ድንጋይ ሲፈልጥ እኔ ወደ ተራራው ተጓዝኩ።

የጨዋታው አንድ ቀን ከነሌሊቱ 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀኑ ብርሃን 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሰማዩ ሲቀላ «አባዬ፣ ወዴት ነህ? ተመለስ!» ሲል ሰማሁ፤ የመጣሁበትን ግን አላስተዋልኩም ነበር። ጨለመ። ከጀርባዬ አንድ ነገር አቃሰተ፤ ሦስት ጊዜ ተመታሁ፤ ጥቂት ቆይቶም መሞቴን የሚያበሥር ቀይ ገጽ በስልኬ ላይ ተዘረጋ። በጨዋታው የሞተ ሰው ዓለሙ ወደተጀመረበት ቦታ ተመልሶ ይነሣል፤ የያዘው ዕቃ ሁሉ ግን በሞተበት ስፍራ ይበተናል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሰበሰበ ይጠፋል። የኔ ጠፋ። ልጄ ይስቅ ጀመር። እናቱ ምን ሆነህ ነው እያለች ስትመጣ ይሰማኛል፤ «አባዬ ሞተ፣ ዞምቢ በላው» እያለ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ወላሂ፣ ደጋግሜ ብሞት አልጠላሁም ነበር።

በሁለተኛው ምሽት ቤት ለመሥራት ጊዜ ስላልበቃን ከኮረብታው ሥር ሦስት ጡብ ያህል ቆፍረን ገባንና መግቢያውን በአፈር ደፈንነው። ጀማሪዎች ሁሉ የመጀመሪያ ሌሊታቸውን የሚያሳልፉት እንዲህ ነው አለኝ። ችቦ ለመሥራት ከሰል አልነበረንም። የስልኩ ገጽ ጥቁር ሆነ። ሌሊቱ 7 ደቂቃ ያህል ነው፤ በእነዚያ 7 ደቂቃዎች ውስጥ ምንም የሚሠራ ነገር የለም፤ መውጣት አይቻልም፤ የሚታይ ነገር የለም። ከውጭ የዞምቢው ማቃሰት ይሰማል። በዚያ ጨለማ ውስጥ እያለን፣ እኔ ምንም ሳልጠይቀው፣ ልጄ ያወራ ጀመር። የሒሳብ አስተማሪው መቀየሩን፣ አንድ ልጅ በመድረሳ መንገድ ላይ እየጠበቀ እንደሚያስፈራራው፣ አያቱ ሌሊት ሌሊት እንደምታስልና ለእኔ እንዳይነገረኝ መባሉን ነገረኝ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው። ከዚያ «ነጋ» አለና አፈሩን ናደው፤ ብርሃን ገባ፤ ወሬውም እዚያ ላይ ቆመ።

በማግሥቱ ለእናቴ ሐኪም ቤት መሄጃ ላክሁ። ማን እንደነገረኝ አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው የጀማሪ ኑሮ ፈጣን ነው። በስምንት የተፈለጠ ድንጋይ ምድጃ ሠራን፤ የዛፍ ግንድ በምድጃው አክስለን ከሰል አገኘን፤ ከአንድ ከሰልና ከአንድ ዘንግ አራት ችቦ ይወጣል። ችቦ ያለበት ቦታ ላይ ጭራቅ አይፈጠርም፤ ስለዚህ ቤትን ማብራት ማስዋብ ሳይሆን መጠበቅ ነው። ወደ ዋሻ ሲገባ ችቦውን በስተቀኝ መትከል እንደሚገባ ልጄ አስተማረኝ፤ ሲመለሱ ችቦዎቹ በስተግራ ከሆኑ መንገዱ ትክክል ነው ማለት ነው። ምግብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በሜዳው ላይ ላም፣ በግ፣ ዶሮና አሳማ ይገኛሉ። አሳማውን ገና ከሩቅ ሲያየው «እሱን ተወው» አለኝ፤ ምንም እንኳ ምስል ቢሆን። በጉን ግን በድንጋይ ሰይፍ ሲመታው «ቢስሚላህ» ሲል ሰማሁት። ለልማድ ያህል እንጂ አስቦበት አይመስለኝም።

ስለ አሳማው ካነሣን አይቀር፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ እጅግ የሚፈራው ክሪፐር የተባለው አረንጓዴ ፍጥረት ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ይጠጋና ራሱን ከነቤትህ ያፈነዳል። የጨዋታው ፈጣሪ ማርከስ ፐርሰን እንደተናገረው ይህ ፍጥረት የተገኘው በስሕተት ነው፤ የአሳማ ቅርጽ ሊሠራ ሲል ርዝመቱና ቁመቱ ተምታታበት። ይህን ለልጄ ስነግረው በጣም ደስ አለው። አንድ እርሱ የማያውቀው ነገር ነግሬዋለሁና።

ከበጎች ሱፍ አገኘን፤ ሦስት ሱፍና ሦስት ሳንቃ አንድ አልጋ ይሆናል። ሁለት አልጋ ሠርተን ጎን ለጎን አኖርናቸው። አልጋ ያለው ተጫዋች ሌሊቱን መጠበቅ የለበትም፤ ይተኛል፣ ወዲያው ይነጋል። በአንድ ዓለም ውስጥ ሁለት ሰዎች ካሉ ግን የጨዋታው ሕግ ጥብቅ ነው፦ ሁለቱም ካልተኙ አይነጋም። አንድ ምሽት ልጄ ተኝቶ ሲጠብቀኝ ሙዲሬ ደወለ፤ በነጋታው ሌሊት ወደ መካ የሚሄድ ጭነት አለ፤ መኪናውን ከየት እንደምረከብ፣ ስንት ሰዓት እንደምነሣ ያስረዳኝ ጀመር። ስመለስ በጨዋታው ውስጥ ሌሊት ነበር። ልጄ አሁንም አልጋው ላይ ነው። «አልነጋም እኮ አባዬ፤ አንተ ስላልተኛህ ነው» አለኝ። ተኛሁ፤ ነጋ።

ነገር ግን አልጋው ከመጣ ወዲህ ያ የጨለማው ወሬ ጠፋ። ሌሊት ሲሆን ሁለታችንም እንተኛለን፤ በቅጽበት ይነጋል፤ ወደ ሥራ። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ አልጋዬ ሳመራ «ዛሬ አንተኛ» አለ። «ለምን?» ብለው «እንዲሁ» ብሎ ዝም አለ። በሩን ዘግተን፣ ችቦ አብርተን ተቀመጥን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ በመድረሳ መንገድ ላይ የሚያስፈራራው ልጅ አሁን ጓደኛው መሆኑን ነገረኝ። እንዲህ እያልን ደጋግመን እናመሻለን። ጨዋታው ይህንንም አስቦበታል፤ ሦስት ቀን ያህል ያልተኛ ተጫዋች ደጅ ከወጣ ክንፍ ያላቸው ጭራቆች ከሰማይ ይወርዱበታል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት አምሽተን በሦስተኛው እንተኛለን።

አንባቢ «ሶላትስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ እኔም አስቀድሜ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ጨዋታውን ማቆም ይችላል፤ ሌላ ሰው ባለበት ዓለም ግን ጊዜው አይቆምም። አዛን ሲሰማ ሜዳ ላይ የነበረ ሰው ሰግዶ ሲመለስ ሞቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ በሳምንቱ መጨረሻ ቀን ላይ ስንጫወት ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ቤት ገብቶ በር መዝጋት፤ በሥራ ቀናት ደግሞ ከዒሻ በፊት ጨርሶ አለመክፈት። ልጄ መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ። አሁን «አባዬ፣ ዐስር ሊል ነው፣ ግባ» የሚለኝ እርሱ ነው። የማያውቁት ሰው ወደ ዓለማችን እንዳይገባ ከሁለታችን በቀር ለማንም አልከፈትነውም፤ በጨዋታው ውስጥ ያለውን መደብርም በይለፍ ቃል ቆልፌዋለሁ። አንድ ሰዓት ሲሞላ እንዘጋለን፤ አንዳንዴ ያልፋል፣ አልዋሽም።

በምንኖርበት አገር የቪዲዮ ጨዋታ የልጆች ማታለያ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ቀርቷል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2022 ብሔራዊ የጨዋታና የኤሌክትሮኒክስ ስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ በ2024 ክረምትም ሪያድ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ስፖርት የዓለም ዋንጫ አስተናግዳለች። በዚያ መድረክ የሚሰለፉት ግን የሠለጠኑ ወጣቶች ናቸው፤ የኛ ጉዳይ ገና የብረት ዶማ ላይ ያልደረሱ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን ልጄ «የምትኖርበትን ቤት እንሥራ» አለኝ። የምኖርበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ከአራት ሰዎች ጋር ነው የምጋራው። ይህን አልነገርኩትም። በዕረፍት ቀኔ ወደ አል-በለድ፣ ወደ ጥንታዊቷ ጅዳ ሄድኩና የቆዩ ቤቶችን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ለዓመታት በባብ መካ ገበያ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አላየኋቸውም ነበር። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ከቀይ ባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ ረድፎች መካከል የእንጨት አግዳሚ እየገባ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ያስራል። ከመስኮቶቹ ወደ ውጭ የወጡት በእንጨት ጥልፍ የተሠሩ ሳጥኖች ረዋሺን ይባላሉ፤ ነፋስ ያስገባሉ፣ ፀሐይ ይከለክላሉ፣ በውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ወደ ደጅ እንዲያይ ያስችላሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥፍራውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ በ1925 ጅዳ ሲገቡ ያረፉበት በይት ነሲፍ እስከ ዛሬ በደጃፉ ካለው ዛፍ ጋር ቆሟል።

ልጄ ፎቶዎቹን አጉልቶ ሲያይ ቆየና «ኮራል እኮ እዚህም አለ» አለ። ሞቃት ባሕር ፈልገን ብዙ ቀን ተጓዝን። በውኃው ሥር ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ኮራል ተነጥፎ አገኘን። በድንጋይ ዶማዬ ቆረጥኩት፤ እጄ ሲገባ ግን ግራጫ ሆነ። የሠራሁት ስሕተት መስሎኝ ሌላ ቆረጥኩ፤ ያም ግራጫ ሆነ። በጨዋታው ሕግ ኮራል ያለ ልዩ መሣሪያ ከተቆረጠ ይሞታል፤ ከውኃ የተለየውም ቀለሙን ያጣል። ልጄ አዘነ። እኔ ግን የላክሁለትን ፎቶ እንደገና እንዲያይ ነገርኩት፤ የጅዳ ግድግዳዎችም ኖራው በተላጠበት ቦታ ቀለማቸው ያው ነው። ባሕር ውስጥ ሳሉ ሕያዋን ነበሩ። «ታዲያ እነዚህም ከባሕር የወጡ ናቸው?» አለ። «አዎ» አልኩት። ግራጫውን ድንጋይ ተሸክመን ተመለስን፤ በሦስት ሦስት ረድፍ መካከል ሳንቃ እያስገባን ግድግዳውን አቆምነው። ረዋሺኑን እስካሁን አላሳመርነውም፤ በአጥር እንጨት ሞክረን የዶሮ ቤት መሰለ።

በጨዋታው ውስጥ እንደ ሰው በእግር የሚሄድ ተጫዋች በሰከንድ አራት ሜትር ከሩብ ያህል ይጓዛል። ከጅዳ እስከ መካ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጄ አስልቶ በጨዋታው ከ5 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅና 15 ቀንና ሌሊት እንደሚያልፍበት ነገረኝ። እኔ ያን መንገድ በጭነት መኪና በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እመላለሰዋለሁ። መካ ስደርስ ጭነቱ እስኪራገፍ ሰዓታት ስለማገኝ ፎቶ እልክለታለሁ። «ካዕባን እንሥራ?» ብሎ የጠየቀኝ ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ነው። መልሱን አዘገየሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፎርትናይት በተባለው ሌላ ጨዋታ ውስጥ ካዕባን የሚመስል ነገር ሲፈርስ ታይቷል ተብሎ የግብፁ አል-አዝሃር ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን፣ ድርጅቱም ተጫዋቾች የሠሩት እንጂ የኔ አይደለም ማለቱን አስታወስኩ። የልጄ ሐሳብ ፍቅር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም አሳማ በሚመላለስበት፣ ክሪፐር በሚፈነዳበት ሜዳ ላይ እንዲቆም ልቤ አልፈቀደም። ይህን ስነግረው ወዲያው ገባው። «እንግዲያው ከመካ ሌላ ምን እንሥራ?» አለ።

ከዓረፋት በኩል ስትመጣ በተራራው ግርጌ የሚታይ የድንጋይ ቦይ አለ፤ ዐይን ዙበይዳ ይባላል። የኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ከ1200 ዓመት በፊት ገደማ ያሠራችው ነው፤ ከዋዲ ኑዕማን የሚመጣውን ውኃ ወደ ዓረፋትና ወደ መካ እያደረሰ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሐጃጆችን አጠጥቷል። ፎቶውን ላክሁለት። በዚያን ጊዜ በአንድ ዋሻ አፍ ላይ ያገኘነው ሦስት የብረት ማዕድን ብቻ ነበረን፤ በምድጃ ቀልጦ ሦስት ብረት ሆኗል። በሦስት ብረት የብረት ዶማ ይሠራል፤ በሦስት ብረት ደግሞ የውኃ ባልዲ ይሠራል። እኔ ዶማ አልኩ፤ አልማዝ አምሮኝ። እርሱ «ባልዲ» አለ። ባለቤቱ እርሱ ነውና ባልዲ ተሠራ።

ከወንዙ ቀድተን በቆፈርነው ቦይ ራስ ላይ ውኃውን አፈሰስነው። ሰባት ጡብ ሄደና ቆመ። በዚህ ዓለም ውኃ በለጥ ባለ መሬት ላይ ከሰባት ጡብ በላይ አይሄድም፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለ ግን እንደገና ሌላ ሰባት ይሄዳል። ልጄ ቦዩ የተበላሸ መስሎት ሊያፈርሰው ነበር። የዙበይዳ መሐንዲሶችም ውኃውን የነዱት በመሬቱ ዝቅታ ብቻ እንደነበር፣ ያለ ሞተር ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ሲሠሩ ዝቅታውን በጥቂት በጥቂቱ መቆጠብ እንደነበረባቸው ነገርኩት። በየሰባቱ አንድ አንድ ደረጃ እየቆፈርን ከኮረብታው እስከ ኮራሉ ቤት ደጃፍ አደረስነው። በቦዩ ዳርና ዳር ስንዴ ዘራን። ሦስት ስንዴ አንድ ዳቦ ነው።

በጨዋታው ፀሐይ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ትክክል አናት ላይ ትቆማለች። ይህን ያስተዋልኩት ቦዩን ስንቆፍር ነው። መካ ላይ ይህ የሚሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ መጨረሻና በጁላይ አጋማሽ ብቻ ነው፤ በዚያን ሰዓት ፀሐይ ከካዕባ በላይ ትክክል ስለምትሆን፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይዋ ቢያዞር ቂብላን አገኘ ማለት ነው። ልጄ ቀኑ ሲደርስ እንድደውልለት አዝዞኛል፤ ደሴ ሆኖ ሊያረጋግጥ። ቀኑን በስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደሴ መብራት ጠፍቶ ሦስት ምሽት ዓለሙ ሳይከፈት ቀረ። በልማዴ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ ስልኬን አየሁ፤ የእርሱ ስም ፊት ለፊት ያለው ምልክት ግራጫ ነው። በአራተኛው ቀን መብራቱ መጣ። ስገባ የኮራሉ ቤት በር ላይ የተሰቀለ የእንጨት ሰሌዳ አገኘሁ፤ ጽሑፉ «የአባዬ ቤት» ይላል። ብቻውን አንድ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ የሠራው ነው። ቤቱ ውስጥ ምድጃ አለ፣ ሳጥን አለ፣ ሁለት አልጋዎች አሉ። መስኮት አራት።

ነገ ማታ ብረት ፍለጋ ወደ ጥልቁ ዋሻ እንወርዳለን። ሠላሳ ሁለት ችቦ፣ ስድስት ዳቦ፣ ሁለት የድንጋይ ዶማ አዘጋጅ ብሎኛል። «ከኋላዬ ና፤ ችቦውን በስተቀኝ ትከል፤ እንዳለፈው ተራራ እያየህ እንዳትጠፋ» ብሎ አስጠንቅቆኛል። «አብሽር» አልኩት።